የኮዝቢ ጠበቃ

ቢል ኮዝቢ አታለለኝ ብዬ ባለቅስ ይቀለኝ ነበር፤ ወዳጅ ዘመድም ያዝንልኝ ነበር። ግን በፈረንጆች 2005 አንድሪያ ኮንስታንድ የምትባል ሴት ጥቃት አደረሰብኝ ብላ ስትከሰው ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ሌሎች ሴቶችም እኛም ምስክር ነን ብለው ቆመው ነበር። አንብቤዋለሁ። አንብቤም ወደ ስፖርቱ ገጽ አለፍኩ።

ሰውየው ለእኔ ቀልደኛ ብቻ አልነበረም። በሱዳን በኩል ተሰድጄ አሜሪካ ስገባ «ዘ ኮዝቢ ሾው» ገና መጀመሩ ነበር። ሐሙስ ማታ ከደባሎቼ ጋር ሶፋው ላይ ተደርድረን እናያለን። እንግሊዝኛው ስለሚያመልጠኝ የምስቀው ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ተመልካች ሲስቅ ነው፤ አንዳንዴ እነሱ ጨርሰው እኔ እቀጥላለሁ። ቋንቋው ባይገባኝም ቤቱ ገብቶኛል፦ አባት የማህፀን ሐኪም፣ እናት ጠበቃ፣ አምስት ልጆች፣ ሳይጮህ የሚከበር አባወራ። ያን ቀለሙ የበዛ ሹራቡን የመሰለ ፈልጌ ገዛሁ። ሚስቴ «የአልጋ ልብስ ለብሰህ ልትወጣ ነው?» አለችኝ።

ልጆች ሲመጡ ባሰብኝ። ኮዝቢ በሜይ 2004 ዋሽንግተን ላይ ጥቁር ወጣቶችን ሱሪያቸው ወረደ፣ እንግሊዝኛቸው ተበላሸ ብሎ ከነወላጆቻቸው ሲያብጠለጥል እኔ ሰባኪ አገኘሁ። ወንድ ልጄ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ «ኮዝቢ ያለውን ሰምተሃል?» እለዋለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ከልጁ የባሰ መሆኑ ትዝም አይለኝ። ኮንስታንድ፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ ባለው ቤቱ ክኒን ሰጥቶ ጥቃት አደረሰብኝ ያለችው በዚያው ዓመት፣ ከንግግሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

በ2014 ሃኒባል በረስ የሚባል ኮሜዲያን መድረክ ላይ ስሙን ጠርቶ ደፋሪ ሲለው ነገሩ እንደገና ተቀጣጠለ፤ ከ50 በላይ ሴቶች ተናገሩ። እኔ ጥብቅና ቆምኩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «እስካሁን የት ነበሩ?» እያልኩ እከራከራለሁ፤ መቼም አንተስ በ2005 የት ነበርክ የሚለኝ የለም። በ2015 በመሐላ የሰጠው የቆየ ቃል ይፋ ሲሆን፣ ሊተኛቸው ለፈለጋቸው ሴቶች ለመስጠት ሲል የሚያፈዝ ክኒን ማግኘቱን አምኖ ተገኘ። እሱ ሁሉም በፈቃዳቸው ነው ይላል። እኔ ደግሞ «የሰባዎቹ አሜሪካ እንዲህ ነበር» ብዬ አስረዳሁ። በሰባዎቹ እኔ አሜሪካን የማውቃት በካርታ ነው።

በ2018 በኮንስታንድ ጉዳይ ተፈርዶበት ታሰረ። በጁን 2021 የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ሲፈታው የቤተሰባችን ግሩፕ ላይ «አላልኳችሁም!» ብዬ ለጠፍኩ። ሴት ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ የተፈታው የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ አልከስህም ብሎት ስለነበር ነው። አላደረገም አላሉም።»

ዝም አልኩ።

«እኔ ላይ ቢደርስ ኖሮ ለማን ነበር የምነግረው? ለአንተ?»

እውነቱን ልናገር፦ እስከዚያ ቀን ለሴቶቹ አላዘንኩም። ያዘንኩት ልጆቼን የምገሥጽበት ሰው ስላጣሁ ነው። በዓመቱ የካሊፎርኒያ ጁሪ፣ በ1975 የ16 ዓመት ልጅ ሳለች ኮዝቢ ጥቃት አድርሶባታል ብሎ ለጁዲ ሃት 500 ሺህ ዶላር ሲወስንላት ግሩፑ ላይ ምንም አልለጠፍኩም።

ለቅሶ ቤት ያደነቆርኳችሁ ሁሉ፣ በተለይ እኔ ስለፈልፍ ቡናችሁን ይዛችሁ ዝም ያላችሁ እህቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።