የጠል ጥለት

እንስሳት ሸማ በሚለብሱበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ ባለ ጫካ፣ አንዲት ሸማኔ ሸረሪት ነበረች። ድሩም ማጉም ከራሷ ሆድ ስለሚወጣ ጥጥ መግዛት፣ ፈታይ መለመን የሚባል ጣጣ አያውቃትም። ሰርግ ያለ እርሷ ነጠላ አይደምቅም። ጥለቷ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰችው፣ የሸረሪት ዘር ሁሉ የሚሠራው ቀጥ ያለ ባለ ሦስት መስመር ነበር።

አንድ የመስከረም ማለዳ አደይ አበባ ላይ ያረፈ ጠል አየችና «ይህን ጥለት ባደርገውስ?» አለች። ማለቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ጠሉ ጠል መሆኑ ቀርቶ ባቄላ መሰለ። የሁለተኛው ክብ ዞሮ ዞሮ አልገጥም አለ። ሦስተኛው አማረ፤ ሲለበስ ግን ተኮማተረ። ያልሆነላትን እየበጠሰች ከዛፉ ሥር ትጥላለች፤ ከሥር የሚኖረው ጉንዳን ደግሞ ለጎተራዬ ምንጣፍ ይሆነኛል እያለ ይሰበስባል። የመኸሩ እህል ገባ፣ የበልጉም ሊታጨድ ደረሰ። በመጨረሻ አገሩ «የጠል ጥለት» ብሎ የሰየመው ነጠላ ወጣ።

ስሟን ጫፉ ላይ አላኖረችም። ለማን እንደ ሸጠች፣ መቼ እንደ ጨረሰች የያዘችው ነገር የለም። «የእኔን እጅ የማያውቅ ማን አለና!» ትላለች፤ ደግሞም በሥራ ላይ ስም ማኖር ትዕቢት ይመስላታል። በዚህ እንኳ ብዙ አልፈርድባትም። የእኛም የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ስማቸውን ሳያኖሩ አልፈዋል። እነርሱ ግን ዋጋቸውን የሚጠብቁት ከሰማይ ነበር፤ ሸረሪት የምትጠብቀው ከቅዳሜ ገበያ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ገበያ እመት ጦጢት መጣች። አንዱን ነጠላ ሳትከራከር በሙሉ ዋጋ ገዛች። አልሰረቀችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ቤቷ ገብታ ጥለቱን ለስላሳ እንጨት ላይ ቀረጸች፤ እንጨቱን በቀይ አፈር እየነከረች ቅርፊት ላይ ታትም ጀመር። በአንድ የሸረሪት ነጠላ ዋጋ አራት የጦጢት ነጠላ ይገኛል። ዝናብ ሲነካው እንደሚለቅ ገዢው ሁሉ ያውቃል። አያ ጅቦ ለልጁ ሰርግ ያዘዘውን ጋቢ ከሸረሪት ሰርዞ ወደ ጦጢት ሲሄድ «እኛ የምንለብሰው በጨለማ፤ ማን ሊያየው!» አለ።

ሸረሪት ጦጢት ደጅ ሄዳ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል እቴ?» አለች ጦጢት። «ገንዘቤን ከፍዬ ገዝቼዋለሁ። የገዛሁትን በሬ ባርደው፣ ባርስበት፣ አንቺን ምን አገባሽ?»

ሸረሪት መልስ አጣች። በማግስቱ ልትከስ ወደ አያ አንበሶ ችሎት ስትወርድ ተከሳሿ ራሷ ሆና አገኘችው። ጦጢት ቀድማ ገብታለች። «ይህች ሸረሪት የእኔን ጥለት እየሸመነች ትሸጣለች» ብላ፣ በየትኛው ጨረቃ እንደ ተጻፈ የሚናገር፣ የአያ ጅቦ መዳፍ ያረፈበት፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ቅርፊት አቅርባለች። ሌባ ወረቀት አያጣም። የሚያጣው ባለቤቱ ነው፤ የራሱን ነገር «የራሴ ነው» ብሎ መጻፍ ከየት ትዝ ይለዋል?

«ያንቺስ ማስረጃ?» አለ አያ አንበሶ።

«አገር ያውቃል፣ ጌታዬ።»

አገር ተጠራ። ሚዳቋ ጥለቱን ያየሁት ከበልጉ አጨዳ በፊት ነው አለች። ከርከሮ፣ የለም ከአጨዳው በኋላ ነው አለ። ጉሬዛ የጦጢት ዘመድ ነኝና ከዚህ ነገር አውጡኝ አለ። ጥንቸል የጦጢት ዕዳ አለባት፤ ጆሮዋን ጥላ ዝም አለች።

አያ አንበሶ እንዲህ ያለ ነገር ዳኝቶ አያውቅም። የተሰረቀ ፍየል ባለቤቱ ዘንድ የለም፤ የተሰረቀ ጥለት ግን ባለቤቱም ጋ አለ፣ ሌባውም ጋ አለ። ስለዚህ ቀጠሮ ሰጠና፣ ሰዎች እንዴት እንደሚዳኙ ጠይቆ እንዲመጣ ቁራን ወደ አዲስ አበባ ላከው። ጫካው ሳቀ፤ የቁራ መልእክተኛ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ሄዶ የሚቀር ነውና። ይኼኛው ግን ዘግይቶም ቢሆን ተመለሰ።

«መጀመሪያ ያረፍኩት ሽሮ ሜዳ ነው» አለ ቁራ። «የጋሞ ሸማኔዎች በእጃቸው የሠሩት ጥለት በተሰቀለበት ገበያ፣ ከባሕር ማዶ በማሽን ተሠርቶ የመጣውም ጎን ለጎን ይሸጣል። እመት ጦጢት እዚያም ዘመድ አላት።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ቁራ ቀጠለ። ሰዎቹ በ1996 ዓ.ም. ያወጡት፣ ቁጥሩ 410 የሆነ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላቸው። ሥዕልም ሆነ ዜማ ወይም ድርሰት፣ ከሐሳብነት አልፎ አንድ ነገር ላይ ሲቀረጽ መብቱ ያን ጊዜውኑ ይወለዳል፤ ማኅተም አይጠብቅም።

«እንግዲያው ጠልን ጥለት የማድረጉ ሐሳብ የእኔ ነው!» አለች ሸረሪት።

«አይደለም» አለ ቁራ። «ሐሳብን ማንም አያጥረውም። ከጠል ጥለት ማውጣት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያንቺ የሚሆነው አንቺ ያወጣሽበት አኳኋን ነው።»

መብቱ ሠሪው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል ሲል ኤሊ «አሁን ይሄ ዕድሜ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ሸረሪት ግን የልጅ ልጅ ልጆቿን ስትቆጥር ቁጥሩ ጠፋባት። የበሬውንም ነገር ቁራ አልረሳው። ዕቃውን የገዛ ዕቃውን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም፤ መብቱን ማስተላለፍ የፈለገ በጽሑፍ ይዋዋላል። ጦጢት ጭራዋን ሰበሰበች።

«ለጨርቅና ለዕቃ የሚሆን ንድፍ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው» አለ ቁራ። «በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 123፣ አዲስ ንድፍ ሲመዘገብ 5 ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በ5 በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። እዚህ ላይ መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ መመዝገብ የግድ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባል ቤት አላቸው። ሥዕልና ድርሰትም ለሚፈልግ ይመዘግባል፤ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናልና።»

«እኛ መዝገብ ቤት የለንም» አለ አያ አንበሶ።

«ያላስመዘገበም ሰው ባዶ እጁን አይቀርብም። ረቂቁን፣ ቀን ያለበትን ፎቶ፣ የተጻጻፈውን ደብዳቤ፣ የሸጠበትን ደረሰኝ ይዞ ይመጣል።»

አያ አንበሶ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወደ ጦጢት ዞሮ «የተሳሳትሽበትን አሳዪኝ» አላት።

«አቤት?»

«ይህ ጥለት እንዲህ ከማማሩ በፊት ያስጠላበት ቀን ይኖራል። እሱን አምጪ።»

«እኔ አልሳሳትም፣ ጌታዬ» አለች ጦጢት ደረቷን ነፍታ። በዚያ ችሎት ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል ተሰጥቶ አያውቅም።

ሸረሪት የበጠሰችው ሁሉ ትዝ አላት፤ ግን ጥላዋለች። ያን ጊዜ ጉንዳን ከእግር መሐል ወጥቶ «ጎተራዬን እዩት» አለ። ሄዱ። ከሁሉ በታች፣ የመኸር ማሽላ ከመግባቱ በፊት የተነጠፈ፣ ባቄላ የመሰለ ጠል። ከማሽላው በላይ የማይገጥመው ክብ። ከበልጉ ገብስ ሥር የሚኮማተረው። እህሉ ራሱ ቀን ቆጣሪ ሆነ፤ የጦጢት ቅርፊት የሚናገርላት ጨረቃ ደግሞ ገብሱ ከገባ በኋላ የወጣች ነበረች።

ፍርዱ ተሰጠ፤ የሸረሪት ደስታ ግን ሙሉ አልነበረም። «የጠል ጥለቱ ያንቺ ነው» አለ አያ አንበሶ፤ «ጦጢት ማተሟን ታቁም። ከዛሬ ወዲያ ማባዛት የፈለገ ካንቺ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። ከጠሉ ግራና ቀኝ ያሉት መስመሮች ግን የአያቶችሽ ናቸው። የሸረሪት ዘር ሁሉ ሲሠራው የኖረውን ላንቺ ብቻ አልፈርድም።» ሸረሪት በዚህ አኮረፈች። እኔ እንደሚመስለኝ አንበሳው ልክ ነው፤ የወረስነውን ከጨመርነው ለይተን ካላሳየን የጨመርነውም አብሮ ይሄድብናል።

አሁን ሸረሪት ያልሆነላትን ቁራጭ ከዛፍ ሥር አትጥልም፤ ቀኑን እየነገረች ለጉንዳን በእጁ ትሰጠዋለች። ጠርዙ ላይ፣ ሲፈታ ጥለቱ አብሮ የሚፈታ የመለያ ቋጠሮ ታስገባለች። ጎተራ ይቃጠላልና ሁለተኛውን ናሙና ኤሊ ዘንድ ታኖራለች። የገዢውንም ስም ትይዛለች። ትዕቢት ነው ማለቷ ቀርቷል፤ ጊዜ ይፈጅብኛል እያለች ግን ታማርራለች፤ እውነቷን ነው፣ ይፈጃል።

ጦጢት ፍርዱን አክብራለች፤ ከወንዙ ወዲህ። ቁራ ሄዶ እስኪመለስ ያተመችውን ነጠላ ሁሉ ግን ወንዙን አሻግራ ሸጣዋለች። የማዶው ጫካ ሌላ አንበሳ፣ ሌላ ሕግ አለው፤ ጥለቱም እዚያ «የጦጢት ጥለት» ይባላል። ሸረሪት እዚያ ልክሰስ ብትል፣ የጉንዳንን ቁራጮች ተሸክማ እንደገና ከሀ መጀመር አለባት።