ሞቶ ስለማይቀረው ጀግናና ረክቶ ስለማያውቀው ሃያሲ

ሰው ያልወደደውን ነገር በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ በላስቲክ ከረጢት ከትቶ፣ እንዳይጣመም ከጀርባው ካርቶን አስደግፎ፣ በሳጥን ውስጥ በተራ ቁጥሩ ደርድሮ የሚያኖርበት የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮሚክስ ነው። የዚህ ጥናት ትኩረት ግን ኮሚክሱ ሳይሆን ሰውየው ነው። ሃያሲ ስንል የዩኒቨርሲቲውን ማለታችን አይደለም፤ እሱ ደመወዝ ስላለው ከናሙናው ወጥቷል። የምናጠናው ለመሰሎቹ የሚጽፈውን አፍቃሪ ሃያሲ ነው። ይህ ሰው መጽሔቱን ረቡዕ ይገዛል፣ ረቡዕ ማታ ያነባል፣ ሐሙስ ጧት «ከእንግዲህስ በቃኝ» ብሎ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ረቡዕም ሱቁ ገና ሳይከፈት በር ላይ ይገኛል።

ረቡዕ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ኮሚክስ ለሽያጭ የሚወጣው ረቡዕ ነው፤ እኛ ዘንድ የጾም የሆነው ቀን እነሱ ዘንድ የፍስክ ነው። ዲሲ የተባለው አሳታሚ በ2020 የራሱን መጻሕፍት ወደ ማክሰኞ ስላዞረ ምእመኑ ለጥቂት ዓመታት በሳምንት ሁለት በዓል ሲያከብር ቆየ። በ2024 አሳታሚው ወደ ረቡዕ ተመልሶ ሥርዓቱ ጸና። (የዘመን አቆጣጠሩ፣ እንደ ዕቃው ሁሉ፣ የፈረንጅ ነው።)

የዘርፉ መነሻ በሚገባ ተመዝግቧል። በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ሱፐርማንን ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡ። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ያኔ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2024 የዚሁ እትም አንድ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፤ አንደኛ፣ ጀግና መፍጠር እንደማያዋጣ፤ ሁለተኛ፣ የመጽሔት ዋጋ የሚጨምረው ሳይነበብ በቆየ መጠን እንደሆነ።

ይህን ሁለተኛውን እውነት መተዳደሪያው ያደረገ ሲጂሲ የሚባል ድርጅት በ2000 ሥራ ጀምሯል። ባለቤቱ መጽሔቱን ይልክለታል። መርማሪዎቹ ጀርባው ላይ የእጥፋት ጭረት መኖር አለመኖሩን፣ ሽቦው መዛግ አለመዛጉን፣ ማዕዘኑ መዶልዶም አለመዶልዶሙን፣ የወረቀቱ ንጣት ምን ያህል እንደቀረ ያያሉ። ከዚያ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉትና ይመልሱለታል። እሽጉን ሰብሮ ማንበብ አልተከለከለም፤ ነጥቡ ግን ያኔውኑ ይሻራል። 6 ሚሊዮን ያወጣው ቅጂ 8.5 ነበር የተሰጠው። ጥናት አቅራቢው ካያቸው የሂስ ዓይነቶች ሁሉ አድልዎ የሌለበት ይህ ብቻ ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ታሪኩ ይያያዝ አይያያዝ፣ ሰው መኪና አንሥቶ እንዴት ወገቡ እንደማይቆረጥ ማንም አይጠይቅም። ጉድለቱ አፍቃሪ ሃያሲውን ሥራ ማስፈታቱ ነው። ስለዚህ እሱ ወደ ሞት ጉዳይ ይሄዳል።

በኅዳር 1992 ሱፐርማን ዱምስዴይ ከተባለ ፍጡር ጋር ሲደባደብ ሞተ። የሞተበት እትም በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ ውስጡ ለሐዘንተኛ ክንድ የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ተጨምሮበት ወጣ፤ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ። ጥንቁቁ ሃያሲ ሁለት ገዛ፤ አንዱን ለማንበብ፣ አንዱን ላለመክፈት። ቀጥሎም ይህ ገበያ ለማሟሟቅ የተደረገ ተራ ዘዴ ነው ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነበር። ሟቹ ግን ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ በ1993 ፀጉሩን አስረዝሞ ተመለሰ። ሃያሲውም፣ እንዲህ ከሆነ ሞት ትርጉሙን አጥቷል ብሎ ጻፈ። አሁንም እውነቱን ነበር። ሁለቱም ጽሑፎች የተጻፉት ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ግን መዝገባችን ያሳያል።

የሮቢን ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። በ1988 የባትማን ረዳት የነበረው ሁለተኛው ሮቢን፣ ጄሰን ቶድ፣ አንባቢ የሰለቸው ልጅ ነበር። ዲሲ ፍርዱን ለሕዝብ ሰጠ። ይኑር የሚል በአንዱ ስልክ ቁጥር፣ ይሙት የሚል በሌላው እንዲደውል ሆነ፤ የአንዱ ጥሪ ዋጋ 50 ሳንቲም። ውጤቱ ይሙት 5,343፣ ይኑር 5,271። በ72 ድምፅ ልዩነት ልጁ ሞተ። ሂስ በቀጥታ ሰው የገደለበት አጋጣሚ ይህ ነው፤ ገዳዮቹም እስከ ዛሬ ሰው ገድለን አናውቅም ይሉ ይሆናል እንጂ 50 ሳንቲማቸውን መክፈላቸውን አይክዱም። በ2005 ጄሰን ቶድ ተነሣ። ለመነሣቱ ድምፅ አልተሰበሰበም። እንዴት ተነሣ ለሚለው በ2006 ማብራሪያ ወጣ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ልጅ ተናዶ የህላዌን ግድግዳ በቡጢ ስለደበደበ ያለፈው ነገር ተናግቶ ነው ተባለ። ማብራሪያው በሃያስያን ዘንድ እንደ ግድግዳው ተደብድቧል።

በአፍቃሪዎቹ መካከል ለረጅም ጊዜ የጸና ያልተጻፈ ሕግ ነበር። በኮሚክስ ሞቶ የሚቀር ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ የካፒቴን አሜሪካ ባልደረባ ባኪ፣ ጄሰን ቶድና የስፓይደርማን አጎት ቤን። በዚያው በ2005 ባኪም ተነሣ፤ ከሕጉ ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ተናደ። አጎት ቤን ከ1962 ጀምሮ እንደሞተ ነው። ዘርፉ ይህን ያህል የታመነ ሰው ሌላ የለውም።

አሁን ወደ ጥናቱ ዋና ግኝት እንግባ። አፍቃሪ ሃያሲ ስሕተት የሚያድነው ስሕተቱን ለማጋለጥ ይመስላል። አይደለም። ስሕተቱን አግኝቶ ስሕተት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። የእኛ የአንድምታ መምህራን ንባብ ከንባብ የተጋጨ ሲመስል «አንድም» እያሉ ሁሉንም እንደሚያስታርቁት፣ እሱም አንድም ይላል።

ማስረጃ እንጥቀስ። ማርቭል የተባለው አሳታሚ በ1962 ባወጣው በ«ሃልክ» ቁጥር 1 ላይ ሃልክ ግራጫ ነው። በቁጥር 2 አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ግራጫው በማተሚያ ቤት ከገጽ ገጽ እኩል አልወጣ ስላለ ቀለሙ ተለወጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ነገር ግን ግራጫው ሃልክ በ1980ዎቹ ተመልሶ ከአረንጓዴው የተለየ ጠባይ ያለው ሌላ ማንነት ሆነ፤ በ1991 ደግሞ ደራሲው ፒተር ዴቪድ የቀለሙን ብዛት ሲቆጣ ሃልክ የሚሆነው ሰው በልጅነቱ ከአባቱ በደረሰበት በደል ከተሰነጠቀ ነፍሱ ጋር አያያዘው። አንድም የማተሚያ ቤት ችግር ነው፤ አንድም የልጅነት ቁስል ነው። ጥናት አቅራቢው የአገራችን ማተሚያ ቤቶች ባበላሹት ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ጥልቅ ንባብ ያካሄደ ሰው እስካሁን አላጋጠመውም፤ መስኩ ክፍት ነው።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። ሃልክ ሳይቆጣ ብሩስ ባነር ነው የሚባለው። ደራሲው ስታን ሊ ብዙ መጽሔት በአንድ ጊዜ ስለሚጽፍ ረስቶት በ1964 «ቦብ ባነር» አለው። አንባቢ በደብዳቤ ያዘው። መፍትሔው ይቅርታ አልነበረም፤ ሙሉ ስሙ ሮበርት ብሩስ ባነር ነው ተብሎ ተወሰነ። ቦብ የሮበርት ማቆላመጫ ስለሆነ የሚያስወቅስ ነገር አልቀረም።

ስታን ሊ ይህን የአንባቢ ትጋት አይቶ «ኖ-ፕራይዝ» የተባለ ሽልማት አቋቋመ። መጀመሪያ ስሕተት ላገኘ፣ በኋላም ስሕተቱ ስሕተት እንዳልሆነ ላስረዳ ይሰጥ ጀመር። ተሸላሚው ቤት በፖስታ ይደርሰው ነበር። ፖስታው ላይ ሽልማቱ ውስጡ እንዳለ ታትሞ ነበር። ውስጡ ባዶ ነበር። ሽልማቱ ሳይገባ ቀርቶ ባዶ ፖስታ ደረሰኝ ብለው አቤቱታ የጻፉ እንደነበሩም ይነገራል። ለሂስ የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ሲታይ ከሚገባው አላነሰም፤ ቴምብሩን እንኳ የከፈለው አሳታሚው ነው።

የገለልተኛ አሳታሚዎችን ሥራ ሲያነሣ ግን ያው ሃያሲ ሌላ ሰው ይሆናል። በልዕለ ጀግናው መጽሔት ላይ «ዘገየ» ያለውን እዚህ «ጊዜ ወስዶ ሠራው» ይለዋል። እዚያ «ምንም ነገር አይከሰትም» ያለው እዚህ «ሕይወትን እንዳለች ያሳያል» ይሆናል። እዚያ «ሥዕሉ አስቀያሚ» የነበረው እዚህ «ድፍረት የተሞላበት መስመር» ተብሎ ይመሰገናል። ለዚህ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ቢፈለግ አንዱ ሃርቪ ፒካር ነው። ፒካር ክሊቭላንድ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የመዝገብ ሠራተኛ ነበር፤ ከ1976 ጀምሮ «አሜሪካን ስፕሌንደር» በተባለው መጽሔት የራሱን ኑሮ ሲጽፍ ኖረ። ሥዕል ስለማይችል ሌሎች ይሥሉለት ነበር። ከታወቁት ታሪኮቹ አንዱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከአሮጊቶች ኋላ ወረፋ ስለመቆም ነው። ወረፋ ይቆማል፤ ያልቃል። እዚያው ከተማ የተፀነሰው ሱፐርማን በመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ መኪና ያነሣል። የክሊቭላንድ ውኃ ምን እንዳለበት የሚመለከተው ክፍል ቢመረምር መልካም ነው። ጥናት አቅራቢው በበኩሉ፣ ገለልተኛነቱን ለአፍታ ወደ ጎን አድርጎ፣ የወረፋው ታሪክ ከመኪናው እንደሚበልጥ ይመሰክራል፤ ወረፋ የቆመ ሰው ይረዳዋል።

ወደ እኛም የደረሰ አለ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተባለ የልዕለ ጀግና ኮሚክስ ዋና ገጸ ባሕርይው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ልዕለ ኃይሉን ለማመን የሚቸገር የአዲስ አበባ አንባቢ ቢኖር እንኳ ሥራ ፍለጋውን ሊጠራጠር አይችልም።

ከገለልተኞቹ ወገን ሃያስያን ደጋግመው የሚያወሱት አንድ ነገር አለ። በ1981 ኸርናንዴዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ወንድማማቾች «ላቭ ኤንድ ሮኬትስ» የተሰኘ መጽሔት በራሳቸው ወጪ አሳትመው ሂስ ይጻፍበት ብለው «ዘ ኮሚክስ ጆርናል» ለተባለ፣ ምላሱ ለሚፈራ መጽሔት ላኩ። አዘጋጁ ጋሪ ግሮት አንብቦ እኔ ላሳትመው አለ። በ1982 ታተመ። ሂስ ጠይቀው ውል ተሰጣቸው። በሌላ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ቢሆን ነገሩ በሽምግልና ይታይ ነበር።

ለመሆኑ አፍቃሪ ሃያሲን ዝም ማሰኘት ይቻላል? የታወቀው መንገድ አንድ ነው፤ መቅጠር። አፍቃሪ ሃያሲዋ ጌይል ሲሞን በ1999 በልዕለ ጀግና ታሪኮች ውስጥ የወንዱን ጀግና ለማናደድ ሲባል የተገደሉና የተጎዱ ሴቶችን ስም ዝርዝር አውጥታ ለደራስያኑ አቀረበች። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ራሷ የዲሲ ደራሲ ሆነች። ከሁሉ የሚልቀው ግን የሮይ ቶማስ ነው። በ1960 ገደማ የዲሲው አዘጋጅ ጁሊየስ ሽዋርትዝ የአንባቢ ደብዳቤ ሲያትም የጸሐፊውን ሙሉ አድራሻ አብሮ ማውጣት ጀመረ፤ እርስ በርስ መጻጻፍም ተጀመረ። የዲትሮይቱ መምህር ጄሪ ቤይልስ በ1961 «አልተር ኢጎ» የተባለ የአፍቃሪዎች መጽሔት በእጅ ማባዣ አባዝቶ አሠራጨ፤ ተባባሪው ሚዙሪ የሚኖረው ወጣቱ ቶማስ ነበር። በ1965 ቶማስ ማርቭል ገባ፤ በ1972 በስታን ሊ እግር ተተክቶ ዋና አዘጋጅ ሆነ። ብዕሩን ሲጨብጥ ምን አደረገ? በልጅነቱ ያነበባቸውን የ1940ዎቹን ጀግኖች መልሶ አምጥቶ፣ የተጋጨውን ለማስታረቅና የተዘለለውን ለመሙላት አዲስ ታሪክ ጻፈላቸው። ደብዳቤ መጻፉን አልተወም፤ ደብዳቤውን በሥዕል ማሳተም ጀመረ እንጂ።

በ1999 ቶማስ «አልተር ኢጎ»ን እንደገና ማሳተም ጀመረ። መጽሔቱ ስለ ድሮ ኮሚክስ ነው፤ አንባቢዎች ስሕተቱን እየለቀሙ የሚልኩበት የእርማት ዓምድም አለው።