ተሸናፊ ይከፍላል

መገናኛ አካባቢ ስለ ጌም የማያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ስለ ጌም ያነበበ ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የታክሲ ሰልፍ የያዘው፣ ሾላ ገበያ ቲማቲም የምትመርጠው፣ ኮተቤ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ብረት ጨብጦ የቆመው፣ ሁሉም «ይሄ ጌም የሚሉት ነገር ልጆቹን ጨረሳቸው» ይላል። ከየት አመጣኸው ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ኧረ ስንት መጽሐፍ ተጽፎበታል! ቴሌግራም አለህ? እልክልሃለሁ።» መላክ ደግሞ ይልካል። ተቀባዩም «ተባረክ» ብሎ ለሌላው ያሻግራል። መጽሐፉ ከየካ ተነሥቶ ዲሲ ደርሶ ሲመለስ፣ በመንገድ ላይ አንድም ሰው አልከፈተውም።

በዚህ ሙያ የተካኑ አንድ አባት እኛ ሰፈር አሉ። የኮተቤ ልጆች «ጋሽ ፒዲኤፍ» ይሏቸዋል፤ ስሙን ያውቁታል፣ አልተቀየሙም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማታ የሌሊት ጥቅል ይገዙና ሰው ሲተኛ ያወርዳሉ፤ ጎህ ሲቀድ ለሰፈሩ ያድላሉ። የሚመርጡት ጉዳይ አንድ ነው፦ ጌም፣ ቲክቶክ፣ ፊልም፣ ባጠቃላይ ትውልዱን የሚያሰጋ ነገር ሁሉ። ስልካቸው በመጻሕፍት ተጨናንቆ «ቦታ የለም» ሲላቸው፣ የልጅ ልጃቸው የጫነውን «ኩኩሉ» አጠፉት። ኩኩሉ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራው የስልክ ጌም ነው፤ አንዲት ዶሮ ከመታረድ ለማምለጥ ትሮጣለች፣ ተጫዋቹ ያስሮጣታል። ከስንቱ ቢላዋ ያመለጠች ዶሮ ከጋሽ ፒዲኤፍ ጣት አላመለጠችም። ስለ ጌም ለተጻፉ መጻሕፍት ቦታ ለመልቀቅ ታረደች።

የላኩልን መጻሕፍት መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ምርጫቸው ያስቀናል። መጀመሪያ የመጣው የኒኮላስ ካር «ዘ ሻሎውስ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ይህ መጽሐፍ፣ ኢንተርኔት ረጅም ጽሑፍ በጽሞና የማንበብ አቅማችንን እየሸረሸረው ነው ብሎ ይከራከራል። ከእኛ መሃል ከመግቢያው ያለፈ የለም። ደራሲው ይህን ቢሰማ ሰፈራችንን በማስረጃነት ጠቅሶ አንድ ምዕራፍ ይጨምርበት ነበር። ቀጥሎ የኒል ፖስትማን ዝነኛ መጽሐፍ መጣ፤ «ስለ ቲክቶክ የተጻፈ፣ ወላጆች አንብቡት» የሚል ማሳሰቢያ ተያይዞበታል። ፖስትማን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን የሚወቅሰውም ቴሌቪዥንን ነው፤ በተለይም ዜናው፣ ፖለቲካው፣ ትምህርቱ ሳይቀር መዝናኛ ሆኖ ካልቀረበ አይታይም የሚለው ነገር ያንገበግበዋል። ጋሽ ፒዲኤፍ ይህን መጽሐፍ የላኩልን በቴሌቪዥን ዜና ሰዓት ነው።

ሦስተኛው የዮሃን ሁይዚንጋ «ሆሞ ሉደንስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ የኔዘርላንዳዊው የታሪክ ምሁር ሥራ። የተላከው «የጌም ጉዳት» በሚል ርዕስ ሥር ነበር። ሁይዚንጋ ግን የሚለው ሌላ ነው። ሕጉ፣ ጦርነቱ፣ ቅኔው፣ ፍልስፍናው ሳይቀር በጨዋታ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ጨዋታ ከሥልጣኔ ይቀድማል ባይ ነው። ጋሽ ፒዲኤፍ የተከራካሪያቸውን ጠበቃ የራሳቸው ምስክር አድርገው አቀረቡት። ማንም አልተቃወመም፤ ለመቃወም ማንበብ ይጠይቃላ!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤታችን ኮሚቴ ጉዳዩን ሰምቶ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው «የጌም ሱስና የወላጆች ሚና» ነበር። ሰው እንደ ልማዱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ እንደ ልማዱም ከአጀንዳው በፊት ስለ ውኃ ፓምፑ ተነታረከ። በመጨረሻ አንድ ጎረቤቴ ተነሥተው ስለ ሱስ የሚያስለቅስ ንግግር አደረጉ። ጠረጴዛው ሥር በግራ እጃቸው የያዙት የስፖርት ውርርድ ቲኬት ነበር፤ የቅዳሜው የእንግሊዝ ጨዋታ አሥር ግጥሚያ ተደርድሮበታል። ልጃቸው ፊፋ ላይ አርሴናልን ይዞ ቢጫወት «ጊዜውን አቃጠለ» ይባላል፤ እሳቸው በአርሴናል ላይ የወር አስቤዛቸውን ቢያስይዙ «ትንሽ ሞከርኩ» ነው።

እዚህ ላይ አንዲት አንቀጽ ብትነበብ ኖሮ ስብሰባው በጊዜ ያልቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ አባል አገራቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አጸደቁት፣ ከጥር 2022 ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጹ አጭር ነው። ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲገፋበት፣ በዚህም ትምህርቱ ወይም ሥራው ወይም ቤተሰቡ ክፉኛ ሲናጋ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ሱስ ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲጫወት ውሎ ለእራት የሚመለስ ልጅ በዚህ ሚዛን አይነሣም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ በዚያው ምድብ፣ ከጌም አንድ ቁጥር ቀድሞ የተቀመጠው ግን ቁማር ነው። ጎረቤቴ ገጹን ቢከፍቱት ኖሮ ልጃቸውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያገኙት ራሳቸውን ነበር።

ስብሰባው ግን በውሳኔ ተጠናቀቀ፦ ለወላጆች የሚመከሩ መጻሕፍት ዝርዝር ወጥቶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ተለጠፈ። አንዲት እናት ብድግ ብለው «ከመካከላችን አንዱን እንኳ ያነበበ ካለ ቢያስረዳን» ሲሉ፣ ሰብሳቢው «ወይዘሮ፣ እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል፤ ለጊዜው ዋናው ዝርዝሩ መውጣቱ ነው» ብለው ዘጉት።

ሰዉ የሚፈራው ቦታ ከሰሌዳው ብዙም አይርቅም። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ከአንድ ፀጉር ቤትና ከአንድ አትክልት ቤት መካከል ተሸጉጧል። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ፕላስተር በፕላስተር የሆኑ ጆይስቲኮች። ፊፋ የሚባለው ጌም አምራቹ ከእግር ኳሱ ማኅበር ጋር ተለያይቶ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በሌላ ስም ይወጣል፤ ኮተቤ ግን ፍቺውን አልተቀበለችም፣ አሁንም ፊፋ ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ ደንቡም አንድ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል። መብራት በሰባኛው ደቂቃ ሁለት ለአንድ ላይ ከጠፋ ማን ይከፍላል የሚለው ግን አከራካሪ ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ቀን ጠፋ። እየተመራ የነበረው ልጅ «ጨዋታው አላለቀም፣ ስለዚህ አልተሸነፍኩም» አለ። የመራው «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልሞከርክም፣ በምን ታገባ ነበር?» ሲል ያለፈውን እየጠቀሰ ተከራከረ። ቤቱን የሚጠብቀው ወጣት ሁለቱንም በየተራ ሰምቶ ግማሽ በግማሽ እንዲከፍሉ ፈረደ። ከኮሚቴያችን ስብሰባ ይልቅ እዚያ ሥነ ሥርዓት አየሁ።

ቤቱ ሲደምቅ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚጮኸው ተመልካቹ ነው። «አቀብለው! በቀኝ! ምታ!» አንዳንዱ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ጆይስቲኩን ይነጥቃል። ይህን ጩኸት ሶኒ ያመጣብን የሚመስለው ብዙ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ግን በአገሩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሰንጠረዥ፣ የእኛው ቼዝ፣ ሲካሄድ አይቶ ጽፏል። ያስገረመው ጨዋታው ሳይሆን ከቦ የቆመው ሰው ነበር። ጌታ ሎሌ ሳይባል ሁሉም ይመክራል፣ ይጮኻል፣ እጁንም ይሰዳል። ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ደግሞ የሰንጠረዡን ደንብ በዝርዝር ጽፎት፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታትሟል። በእኛ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ የማይጠብቅ፣ ጣት የሚያቅበዘብዝ ጨዋታ ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

የሚመከር መጽሐፍ ከተባለ እንግዲህ ይኸውላችሁ። ስለ ጨዋታዎቻችን ፈረንሳዊው ማርሴል ኮሄን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፏል፤ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ራሱን የቻለ መጽሐፍ አውጥቶበታል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ አንድ ረጅም ጥናት፣ ስለ ሰንጠረዥ ሌላ ጥናት አሳተሙ። ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ነበሩ፤ ተቋሙ ስድስት ኪሎ ነው፣ ከኮተቤ በታክሲ ይደረሳል። ልጅ ጠጠር ሲቆጥር «አርፈህ አጥና» የሚል ወላጅ ባለበት አገር፣ ጠጠሩ ከየት ጉድጓድ ወደየት እንደሚሄድ ገጽ በገጽ የጻፉልን እንግዶች መሆናቸው ትንሽ ያስተዛዝባል። እነዚህን ጽሑፎች ጋሽ ፒዲኤፍ አልላኩልንም። አገር ውስጥ ያለ ነገር ማውረድ አይጠይቅም፣ መሄድ ነው የሚጠይቀው፤ ለመሄድ የሚሆን ጥቅል ደግሞ ገና አልወጣም።

የሚሄድ የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ መጽሐፍ ይዞ የሚሄደው ሰው እንጦጦ ነው የሚወጣው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ባሕር ዛፉ መካከል ከፈረስና ከብስክሌት ቀጥሎ የማየው ነገር መጽሐፍ ነው። በቅርቡ አንዲት ወጣት ማኪያቶዋን አስቀመጠች፣ መጽሐፉን መሃል ላይ ገለጠች፣ ነጠላዋን ጠርዙ ላይ ጣል አደረገችበት። ጓደኛዋ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አነሣት። የማኪያቶው አረፋ ሲወርድ ሌላ ታዘዘ፤ ገጹ ግን አልተቀየረም። ሲያበቁ መጽሐፉ ያለ ዕልባት ተከደነ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ወጣት የስልክ ማቆሚያ ተክሎ «በዚህ ዓመት ማንበብ ያለባችሁ አምስት መጻሕፍት» እያለ ይቀረጻል፤ ርዕሶቹን ከሌላ ስልክ ላይ ነው የሚያነባቸው። የማገዶ ሸክም ይዘው ቁልቁል የሚወርዱ እናት ድንገት ከጀርባው ብቅ ሲሉ «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አላቸው። ዞር አሉለት። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ሥራ ላይ የነበሩት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ድሮ ይነበብ ነበር ለማለት አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን «አንብቤዋለሁ» ከሚለው መካከል ብዙው ያነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ጉሮሮ ነው። ሬዲዮው ተረከለት፣ እሱም ሰማ፣ ሰብለን አፈቀረ፣ አንባቢ ተባለ። ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። የዛሬው ማጠቃለያውን በሦስት ደቂቃ ይሰማና፣ እሷንም ፍጥነቷን እጥፍ አድርጎ፣ አስተያየት ሊሰጥ ይነሣል። ቲክቶክን ለመውቀስ የሚጠቀምበትም መድረክ ራሱ ቲክቶክ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ፒዲኤፍ የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ ፕሌይስቴሽን ቤቱን ደፍረው ገቡ። ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው፤ ጠባቂው «ጋሼ፣ ይጫወታሉ?» አላቸው። «እኔ ስለሱ ብዙ መጽሐፍ አለኝ» አሉ በኩራት። ልጁ በአክብሮት አንገቱን ነቅንቆ፣ «እንግዲያው መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ» አለ። በማርከር የተጻፈ ካርቶን ነው፦ መሳደብ ክልክል ነው። ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም። ጆይስቲክ የሰበረ ይከፍላል። ተሸናፊ ይከፍላል። ዱቤ የለም። መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ፎቶ አንሥተው ለሰፈሩ ሁሉ «ሊነበብ የሚገባው» ብለው ላኩት። እስከ ዛሬ ከላኩልን ሁሉ ሰዉ ጨርሶ ያነበበው ይህን ብቻ ነው፤ ኮሚቴውም ዝርዝሩ ላይ እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቦለት እያጠናው ነው።