ለፋይል የታመነ ገላ

ኢትዮጵያና ኬንያ መብራት ለመሻሻጥ ምን ያህል እንደፈሩ ተመልከቱ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1045 ኪሎ ሜትር መስመር ዘረጉ፤ በሁለቱም ጫፍ መለወጫ ጣቢያ ተከሉ፤ ውል ተፈራረሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ኃይሉን የለቀቁትም መጀመሪያ በሙከራ ነው። ይሄ ሁሉ ለምን? እንበልና ኬንያ ውስጥ፣ ሄሉ በሚባል ሰፈር ክፍል የተከራየ ጎረምሳ፣ ያለ ውልና ያለ መሐንዲስ፣ በአንድ የተቆረጠ የኤርፎን ገመድ ጉዳዩን ይጨርሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥጋ ደስታ ተብሎ የተቀነባበረ የድምፅ ፋይል ከኢንተርኔት ያወርዳል። በጆሮው አይሰማውም፤ የግራውንና የቀኙን ቻናል በአምፕሊፋየር አሳልፎ፣ ስሙን ለመጥራት በሚያፍርበት አካሉ ላይ ያስረዋል። ፋይሉን ማን ሠራው? አይታወቅም። ጉልበቱ ምን ያህል ነው? ሲደርስ ይታያል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት እያገላበጠ የሚከራከር ሰው እዚህ ላይ እምነቱ የጻድቅ ነው።

አምፕሊፋየሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። በጀግናችንና በኬንያው 240 ቮልት መካከል የቆመው ዘበኛ በርካሽ የተገዛ ትራንስፎርመር ነው። 1 ሚሊ አምፔር ቆዳ ላይ ይሰማል፤ 10 ሲደርስ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ ገመዱን አልለቅም ይላል፤ በደረት ካለፈማ ከ30 ጀምሮ ልብን ሊያዛባ ይችላል። ለእሱ ግን ይሄ የፈሪ ሒሳብ ነው።

ስልኩም ወዳጅ አይደለም። ፋይሉ ለስለስ ብሎ ሲሄድ የአየር ሰዓት ሽልማት መልእክት ቢገባ፣ ያቺ ጢው የምትለው ድምፅ በቀጥታ ወደ ገላ ትወርዳለች። እናቱ ከማዶ «ደህና ነህ ወይ ልጄ?» ልትል ብትደውልስ? እስክትደውል ድረስ ደህና ነበር።

ስለ ጥንቃቄ መጠየቅ ነውር ሆኖ ሽቦ ማሰር ጨዋነት የሆነው መቼ ነው? ሐኪም ዘንድ ገብቶ «ልቤን ያመኛል፣ ይሄ ይጎዳኛል?» ማለት ዘር ማንዘር ያዋርዳል። ተቃጥሎ ድንገተኛ ክፍል መግባት ግን ክብር ነው መሰለኝ፤ እዚያ ሱሪውን ሌላ ሰው ያወልቅለታል።

እንግዲህ ፈሪ ለመሆን የሚደፍር ካለ ይስማኝ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘ ነገር ገላህ ላይ አትሰር፤ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክም ያው ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ፈልግ። ከወገብ በላይ አይውጣ። ከማሰርህ በፊት ድምፁን ዜሮ አድርግ፤ ስልኩን ከኔትወርክ አውጣ። የልብ ሕመም ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካለብህ ጭራሽ አትንካው።