ማዶ ቤትና የእመት አህያ ጎማ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከሰባት ኮረብታ ወዲህ፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ አጠገብ የእንስሳት መንደር ነበረ። ወፍጮው ሩቅ፣ ምንጩ ቁልቁል፣ ገበያውም ከጉብታው ባሻገር ስለነበረ እንስሳቱ የሚሄዱት በብስክሌት ነበር። እመት አህያ እህሏን ከኋላ ጭና ወፍጮ ትወርዳለች። አያ ዝንጀሮ ሸንኮራውን ገበያ ያደርሳል። እመት በግ ልጆቿን በተራ በተራ እያፈናጠጠች ምንጭ ትወስዳለች።

ብስክሌቶቹን የሚጠግነው አያ ጃርት ነበር። ከዋርካው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረው። በሣጥኑ ውስጥ ከመነዳሪ፣ የኩሽኔታ ብይ፣ ብሎንና ዳዶ፣ በጣሳ የተቀመጠ ግራሶ ይገኛል። ጎማዎቹ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላሉ። አያ ጃርት ዕቃ ከመሸጡ በፊት ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ ቸርኬውን ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ይለካል፤ እሾሁ ላይ ሚሊ ሜትሩን በጥርሱ ቀርጾበታል። ለክቶ፣ ገጥሞ፣ ብስክሌቱን ሽቅብ ቁልቁል አስነድቶ ካየ በኋላ ነው አሞሌውን የሚቀበለው። ሣጥኑ ውስጥ የሌለውን ነገር ሲጠይቁት "የለም፤ ሲመጣ እነግራችኋለሁ" ይላል። ሲመጣም ይናገራል።

አንድ የበጋ ቀን ቁራ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። መጽሐፉ የተላከው ከወንዙ ማዶ፣ ማዶ ቤት ከሚባል መደብር ነው። የማዶ ቤትን ባለቤት ያየ የለም። መጽሐፉ ግን ያምራል። ገጹ ሁሉ ሥዕል ነው፤ ካቴናው ያብረቀርቃል፣ ፔዳሉ ያንጸባርቃል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ዋጋ ተጽፏል፤ ዋጋውም ከአያ ጃርት ዋጋ በሁለት በሦስት አሞሌ ያንሳል። እመት ጦጢት ፊደል ስለምታውቅ ዋርካው ሥር ተቀምጣ ለሁሉም አነበበችላቸው። "የሚፈልጉትን ይጻፉ። ዋጋውን አስቀድመው በቁራ እጅ ይላኩ። ዕቃው ቤትዎ ድረስ ይመጣል።" በመጨረሻው ገጽ ግርጌም ጽሑፍ ነበረ። ፊደሉ እጅግ ከማነሱ የተነሣ ግን ከጉንዳን በቀር ሊያየው የሚችል አልነበረም፤ ጉንዳን ደግሞ ብስክሌት ስለሌለው መጽሐፉን የሚያሳየው አልተገኘም።

በመጀመሪያ የታዘዙት ደወልና የኮርቻ ልብስ ነበሩ። ሁሉም ደኅና መጡ። ደወል ልክ አይመርጥም። እንስሳቱም ማዶ ቤትን አመኑት፤ ከአያ ጃርት ሣጥን የሚገዛ ጠፋ። እሱም እስከ ፋሲካ ጠብቆ፣ ገዢ ሲያጣ፣ ከዋርካው ላይ የሰቀላቸውን ጎማዎች አውርዶ ለአንድ አላፊ ነጋዴ ሸጣቸው። ሣጥኑን ቆልፎ ድንች ወደ መትከል ገባ።

ክረምት ሲቃረብ የእመት አህያ የኋላ ጎማ ተቀደደ። ጎማ ከሌለ ወፍጮ የለም፤ ወፍጮ ከሌለ ዱቄት የለም፤ ዱቄት ከሌለ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። ብስክሌቷን እየገፋች ወደ አያ ጃርት ማሳ ሄደች። እሱም እጁን ከአፈሩ አራግፎ ለካላት።

"እመት አህያ፣ ያንቺ 28 ቁጥር ነው" አላት። "ነገር ግን 28 የሚባለው ጎማ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ሌላው 635። ያንቺ የድሮው ነው፣ 635። በ13 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ ከላኩልሽ ቸርኬው ላይ አይወጣም። 28 ብለሽ አታብቂ፤ 635 ብለሽ አክይበት።"

እመት ጦጢት ማዘዣውን ልትሞላ ተቀመጠች። በማዘዣው ላይ ለጎማ ልክ የተተወው ቦታ ሁለት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ነበር። 28 ብላ ጻፈችና 635ን ከጎን ልትጨምር ስትል ቁራ ከለከላት።

"ከቦታው ውጪ የተጻፈ ነገር ያለበትን ማዘዣ ማዶ ቤት አያነብም" አላት።

ስለዚህ 28 ብቻ ተጻፈ። እመት አህያም ለጎማው ዐሥር አሞሌ፣ ለቁራ ማመላለሻ አራት አሞሌ ከፈለች።

ቁራ መልእክተኛ ሆኖ ሲዘገይ የመጀመሪያው አይደለም፤ አባቶች ከጥንት ያውቁታል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። እመት አህያ በጭቃው ውስጥ እህሏን በጀርባዋ እየተሸከመች ወፍጮ ትወርድ ነበር። በጳጉሜን እሽጉ መጣ። ጎማው አዲስ፣ ጥቁር፣ ሽታው ደስ የሚል ነበር። ልኩ ግን 622 ነው። አያ በሬ በአንድ ወገን፣ አያ ጅቦ በሌላ ወገን ይዘው ቸርኬው ላይ ሊያወጡት ጎተቱ። የጎማው ጠርዝ ሽቦ አለበት፤ ሽቦ አይለጠጥም። እስኪመሽ ጎትተው ተዉት።

እመት አህያ ደብዳቤ አስጻፈች። በማዶ ቤት የደንበኞችን ደብዳቤ የሚመልሰው በቀቀን ነበር። እንዲህ ሲል መለሰ፦

"ውድ ደንበኛችን፣ ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ዕቃ ተመላሽ የሚሆነው እሽጉ ካልተከፈተ ነው።"

እሷም ደግማ አስጻፈች። "እሽጉን ሳልከፍት የጎማውን ልክ በምን ላውቅ?"

በቀቀንም መለሰ። "ውድ ደንበኛችን፣ ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። የዕቃውን ልክ ለማወቅ እባክዎ እሽጉን ይክፈቱ።"

ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ቁራ አንድ አሞሌ ይወስድ ነበር።

በዚህን ጊዜ ጉንዳን ተጠራ። በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ወጥቶ፣ ከመሥመር መሥመር እየተራመደ አነበበ። "ይህን መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ በዚህ ገጽ ያለውን አንብቦ እንደተስማማ ይቆጠራል" ይላል። ጉንዳን ወረደ፤ እንስሳቱም ዝም አሉ።

በዚያው ሰሞን አያ ዝንጀሮ ያዘዘው ፔዳል መጣ። ቢያየው ሁለቱም የቀኝ ናቸው። የብስክሌት የግራ ፔዳል ጥርሱ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ እንዲያ ባይሆን ሲነዱት ራሱን እየፈታ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ የቀኙ ፔዳል በግራ በኩል አይገባም። አያ ዝንጀሮ ይህን ጽፎ ላከ። በቀቀንም "ጥንድ አዘዙ፤ ጥንድ ማለት ሁለት ነው፤ የደረሰዎትም ሁለት ነው። ተጨማሪ ጥንድ ቢያዙ የግራ ሊገኝበት ይችላል" አለው። አዘዘ። አራት የቀኝ ፔዳል ኖረው። ገበያ ሊያመልጠው ሲል አንዱን በግራ በኩል በጉልበት አስገባው፤ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ በላው። አሁን የግራ ፔዳል ቢመጣም የሚይዘው የለም። በቀቀንም "ዕቃው በጉልበት ተገጥሟል፤ ቅሬታዎ ተዘግቷል" ብሎ ጻፈለት።

የእመት በግ ነገር አጭር ነው። ካቴና አዘዘች። የብስክሌት ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነው። ስፋቱ ግን ይለያያል። የእሷ ብስክሌት ባለ አንድ ማርሽ በመሆኑ ሰፊውን ይፈልጋል፤ የመጣላት ለባለ ብዙ ማርሽ የሚሆነው ጠባቡ ነው። ጥርሱ ላይ አልቀመጥ አለ። "የጠየቁት አልቆ ስለነበር የሚቀርበውን ልከንልዎታል" የሚል ወረቀት አብሮት ነበር። የሚቀርበው ከምን ነው ብላ ጠየቀች፤ በቀቀንም ስለጻፈችለት አመሰገናት።

እንስሳቱ ተሰብስበው መከሩ። "ደብዳቤ አይሰማም፤ ዐይን ያለው ይሂድ" ብለው ፈጣኗን ሚዳቋን ላኩ። ሚዳቋ ወንዙን ዋኝታ፣ ሦስት ቀን ሄዳ ማዶ ቤት ደረሰች። ትልቅ መጋዘን ነው። በር የለውም። ከፊት ለፊቱ አሞሌ የሚገባበት አንድ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው በላይ ደግሞ አንድ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ በቀቀን ተቀምጧል። ሚዳቋ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ብታይ ሦስት ጎማዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ በላያቸውም 635 የሚል ተጽፎባቸዋል።

"ጌታዬ፣ ያንን ጎማ ይስጡኝ። አሞሌውን ይዣለሁ" አለች።

"በእጅ አንሸጥም" አለ በቀቀን። "እኛ የምንሸጠው በመልእክት ነው። ወደ መንደርሽ ተመልሰሽ እዘዢ።"

"ይኸው ያለሁት እዚሁ ነኝ፤ ጎማውም ይኸው፤ አሞሌውም ይኸው።"

"ስለመጣሽ ከልብ እናመሰግናለን" አለና መስኮቱን ዘጋው።

ሚዳቋ ሦስት ቀን ተጉዛ ተመለሰች። ታዘዘ፤ ተከፈለ፤ ቁራ ሄደ፤ ቁራ መጣ። ያመጣው 622 ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዶ ቤት ራሱ እስስትን መርማሪ አድርጎ ላከ። እንስሳቱ ደስ አላቸው፤ ጠላ ጠምቀው፣ ጥላ ተክለው ተቀበሉት። እስስትም መጽሐፉን በአንድ እጁ ይዞ በየብስክሌቱ እየዞረ አመሳከረ። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ተናገረ።

"መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መርምሬዋለሁ፤ አንዳች ስሕተት የለበትም። የተሳሳቱት ብስክሌቶቹ ናቸው።"

የእመት አህያን ቸርኬ ደግሞ በ13 ሚሊ ሜትር ይጥበብ ብሎ አዘዘ። አያ ጃርት ተጠራ። "13 ሚሊ ሜትር ለማጥበብ ከዙሪያው 41 ሚሊ ሜትር ያህል መቁረጥ ነው። ቸርኬ ተቆርጦ ቢበየድ ክብነቱን አይመልስም። እኔ ደህና ቸርኬ አልቆርጥም" ብሎ ወደ ድንቹ ተመለሰ። አያ ጅቦ ግን መንጋጋው ጠንካራ ነው፤ ለሁለት አሞሌ ቆረጠው። ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ታሰረ፤ 622ቱ ጎማም ወጣለት። መንደሩ እልል አለ።

እመት አህያ ግን ከዋርካው እስከ ወንዙ እንኳ ሳትደርስ ቆመች። ቸርኬው ስለጠበበ ከእምብርቱ የሚነሡት ሽቦዎች ረዘሙበት፤ የረዘሙት ሽቦዎች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ዘልቆ ከመነዳሪውን ወጋው። ፍሬኑም ቸርኬውን ስቶ ጎማውን ይፍቅ ጀመር። አጭር ሽቦ፣ አዲስ ከመነዳሪ፣ ሌላ ፍሬን ልታዝዝ ደብዳቤ አስጻፈች። በቀቀን መለሰ፦

"ውድ ደንበኛችን፣ ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ብስክሌትዎ በደንበኛው እጅ ተቆርጦ ስለተገኘ ማዶ ቤት ከእንግዲህ አያውቀውም።"

ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ ወረቀት ነበረ። "ከ1 እስከ 5 ኮከብ ስንት ይሰጡናል?" ይላል። እመት አህያ አንድ ሰጠች፤ የቀሩት እንስሳት አልመለሱም። ማዶ ቤትም ያልመለሰውን ሁሉ 5 እንደሰጠ ቆጠረው።

በዓመቱ አዲስ መጽሐፍ መጣ። በሽፋኑ ላይ እመት አህያ ተሥላለች። እህሏን ተሸክማለች፤ ከእህሉ በላይ ብስክሌቷን ተሸክማለች፤ ወደ ወፍጮ ትሄዳለች። ከሥዕሉ ሥር "ደንበኞቻችን ብስክሌታቸውን ከጀርባቸው አያወርዱም" የሚል ተጽፏል።

ያን ቀን እመት አህያ መጽሐፉን ይዛ ወደ አያ ጃርት ሄደች።

"አያ ጃርት፣ አንድ 635 ጎማ የት ይገኛል? ዋጋው የፈለገውን ይሁን" አለችው።

"እኔ ጋ ሦስት ነበሩ" አላት። "ከዋርካው ላይ ተሰቅለው እስከ ፋሲካ ገዢ አጡ። ለአላፊ ነጋዴ ሸጥኳቸው፤ ነጋዴውም ወንዙን ተሻግሮ ለማዶ ቤት ሸጣቸው። ሚዳቋ ግድግዳው ላይ ያየቻቸው እነሱ ናቸው።"

እመት አህያ ይህን ለመንደሩ ነገረች። አያ ኤሊ ሽማግሌዎችን ሰበሰበ፤ ማለዳ የተጀመረው ጉባኤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አበቃ። አያ ዝንጀሮ አራቱን ፔዳል፣ እመት በግ ካቴናዋን፣ እመት አህያ ሁለቱን ጎማ መሐል አስቀመጡ። ጉንዳን ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ፊደሉንም ከላይ እስከ ታች አንድ ልክ አድርጎ፣ ሁሉ እንዲያየው በከሰል ጻፈው። ፍርዱም ይህ ነው፦ የአያ ጃርት ሣጥን እስኪሞላ ድረስ ብስክሌት ያለው ሁሉ በየወሩ አንድ አሞሌ ያዋጣ። ዕቃ የሚፈልግ አስቀድሞ ቸርኬውን አምጥቶ በሚሊ ሜትር ያስለካ። ዕቃው ሳይገጠምና ሳይነዳ ማንም ዋጋ እንዳይከፍል፤ የከፈለ ሁለት አሞሌ ይቀጣል፤ ያስከፈለም አራት።