ክቡር የምግብ ኮሚቴ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሥልጣን በየዓይነቱ ነው። የክፍል ተጠሪ አለ፤ ሥልጣኑ መምህሩ የቀሩ ዕለት ‹‹ክላስ የለም!›› ብሎ ማወጅ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከእርሱ በላይ የሚወደድ መሪ በአገሩ አይገኝም። የዶርም ተጠሪ አለ፤ የቁልፍና የመጥረጊያ ባለአደራ ነው። የክበብ ሰብሳቢ አለ፤ ማኅተም አለው፣ አባል የለውም። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትም አለ፤ እርሱ ስብሰባ ላይ ስለሆነ አይገኝም። የቀረው የምግብ ኮሚቴ ነው። የምግብ ኮሚቴ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይፈልገዋልና። የሚፈልገውም ሊሰድበው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ወደዚህ ወንበር የመጣ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ፍሬሽማን ሳለ የበላውን ሁሉ አልረሳም። የምረጡኝ ንግግሩም አጭርና ግልጽ ነበር፦ ሥጋ በሳምንት ሁለቴ፣ ሽሮ እንደ ሽሮ፣ ሰልፍ እንደ ሰው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሳይበርድ ሒሳቡ ተጀመረ።

ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ሆነ፤ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። ልጁ የተመረጠው በ22 ብሩ ዘመን ነውና ቁጥሩን ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ቢያካፍለው ለአንዱ ማዕድ ሰባት ብር ከምናምን ደረሰው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው ሱቅ አንድ ጥሬ እንቁላል ከዚያ ይበልጥ ነበር። ሥጋውስ? 10,000 ተመጋቢ ባለበት ግቢ ለአንድ ሰው 100 ግራም ይድረሰው ከተባለ፣ ለአንድ ምሳ ብቻ 10 ኩንታል ሥጋ ይፈለጋል። ያ ማለት ወደ 10 ሰንጋ ነው። በሳምንት ሁለቴ ሲሆን 20፤ በወር 80። ተመራጩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የተወዳደረው ለካፌ መስሎት ነበር፤ ለካ ለቄራ ኖሯል።

የመጀመሪያው ሥራ ዳቦ መረከብ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ግቢው ገና እያንኮራፋ፣ የአቅራቢው መኪና በኋላ በር ይገባል። ግምጃ ቤት ሠራተኛው ጋቢ ተከናንቦ ይቆማል፤ የአቅራቢው ወኪል ጆንያ ያራግፋል፤ ኮሚቴው ሚዛን ይዞ ያዛጋል። ውሉ ላይ 100 ግራም የተባለው ዳቦ ሚዛን ላይ ሲወጣ 86 አለ።

‹‹ሲጫን 100 ነበር›› አለ ወኪሉ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ‹‹መንገድ ላይ ደርቆ ነው።››

አዳራሽ ያናጋው አንደበት እዚህ ላይ ምንም አልሠራም። ዳቦው ይመለስ ቢባል አሥር ሺህ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ ክላስ ይገባል። በዕቃ መረከቢያው ቅጽ፣ በሞዴል 19 ላይ፣ ‹‹በትክክል ተረክበናል›› ተብሎ ቢፈረም ደግሞ ኮሚቴው የሌባ ተባባሪ ነው። ልጁ የሚዛኑን መርፌ እያየ ትንሽ ቆየና ያን ያህል ቆንጆ ያልሆነ፣ ጭብጨባም የማያስገኝ ሐሳብ አመጣ፦ ዳቦውን በቁጥር ሳይሆን በኪሎ እንረከብ፤ ክፍያውም በኪሎው ይሁን። ግምጃ ቤቱ ራሱን ነቀነቀ፣ ወኪሉ ስልክ ደወለ፣ ሞዴሉ በኪሎ ተሞላ። ከሳምንት በኋላ ዳቦው መንገድ ላይ መድረቁን ተወ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ልጁ ‹‹የምግብ ጥራት ማሻሻያ እቅድ›› የሚል ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዞ ገባ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ሰው ተጎንብሶ ሊደበቅበት በሚችል ድስት ፊት ቆመው ከቁመታቸው የሚረዝም ማማሰያ ይዘዋል። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፍኖታል።

‹‹እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ የሽሮው ጥራት እንዲሻሻል ኮሚቴው ወስኗል።››

‹‹ደግ አደረገ፣ ልጄ። ኮሚቴው ያማስላል?››

መልስ ሳይጠብቁ ማማሰያውን አስጨበጡት። ያን ያህል ሽሮ ከላይ ሲያዩት ውሃ ነው፤ ከሥር ሲያማስሉት ጭቃ ነው። ለአፍታ እጅ ያረፈ እንደሆነ ከሥር ይይዛል፤ የያዘ ሽሮ ሽታ ደግሞ ከኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ቀድሞ ግቢውን ያዳርሳል። ልጁ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ አሁን በትሕትና፣ ሽሮው ለምን እንደሚቀጥን ጠየቀ።

‹‹እኔ የማበስለው ለተጻፈልኝ ቁጥር ነው›› አሉት። ‹‹ወር ሲጋመስ የሚመጣው ሰው ግን ከተጻፈው ይበልጣል። የመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ልጆች ድስቱ ተጠርጎ ቢደርሱስ? የሰው ልጅ ደጅ ድረስ መጥቶ ጦሙን አይመለስም። ውሃ እጨምራለሁ።››

ትርፉ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ፣ ወጪ መጋራት ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ፣ ተማሪው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍለውን ዕዳ ፈርሞ ይማራል። ግቢ ውስጥ የማይበላው ደግሞ የምግቡን ገንዘብ በጥሬው ይወስዳል፤ ነን ካፌ ይባላል። ነን ካፌ በወሩ መጀመሪያ ላውንጅ ገብቶ በሹካ ይበላል፤ ወር ሲጋመስ በጓደኛው ሚል ካርድ ሹልክ ብሎ ይሰለፋል። በር ላይ ካርድ የሚያጣራው ቲከር ፎቶውን ያያል፣ ፊቱ የቆመውን ልጅ ያያል፣ ‹‹ተጎሳቁለህ ነው እንጂ አንተው ነህ›› ብሎ ምልክት አድርጎ ያሳልፈዋል።

ተመራጩ በቀይ እስክሪብቶ ማስጠንቀቂያ ሊለጥፍ ተነሳ። ዶርሙ ገብቶ መጻፍ ሲጀምር ግን አብረውት ከሚያድሩት ስድስት ልጆች ሁለቱ ነን ካፌ መሆናቸው ትዝ አለው፤ አንደኛው እንዲያውም ያን ዕለት ምሳ የበላው በእርሱ በራሱ ካርድ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ትቶ ቲከሮቹ አጠገብ ተቀምጦ መቁጠር ጀመረ። በየሳምንቱ በእርግጥ የሚበላውን ሰው ቁጥር ለወጥ ሠሪዋ አስቀድሞ አደረሰ። ሽሮው ወፈረ ለማለት ይከብዳል፤ ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንትና በአራተኛው ሳምንት መካከል የነበረው ልዩነት ግን ጠበበ። ይህን ማንም አላስተዋለም። ያስተዋሉት ‹‹ኮሚቴው ወፍሯል›› የሚለውን ነው።

‹‹ኮሚቴው ያማስላል?›› የሚለው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀርብ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያው ጥያቄ መመሪያ ሆኖ ሲመጣ ነው። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኛውም የተመደበው ለመምህርነት ነው። ተማሪዎች ‹‹መሬት ላራሹ›› ብለው አደባባይ የወጡትም በዚያው ዓመት በየካቲት ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲከራከር የነበረ ተማሪ፣ ጭቁኑን ሕዝብ በአካል ሲያገኘው ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ተቀምጦ ‹‹ቲቸር፣ ውጪ ልውጣ?›› ይላል። ስለ ሰርፕለስ ቫልዩ የተዘጋጀው ማብራሪያ ለጊዜው ተቀምጦ ክፍልፋይ ቁጥር ይቀድማል። ጥያቄዎቻቸውን ግን ይዘው ነበርና የሄዱት፣ የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶችም ከዚያ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም።

ያኔ የተማሪ መሪነት የሚያስከፍለው ስድብ ብቻ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ሌሎች ተማሪዎችም ወደቁ።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተሰማራ። ፊደል ሊያስቆጥር የሄደው የከተማ ልጅ ሞፈርና ቀንበር መለየት ተማረ። ከጎጆ ባለቤቶቹም አንዳንዶቹ ‹‹አስተማሪያችን›› ያሉትን ልጅ እሳት ማንደድ አስተማሩት።

ጎንደርና ጅማ ይህንኑ ነገር ያለ አዋጅና ያለ ሰልፍ ሥርዓተ ትምህርት አድርገውታል። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰማርቶ በየጤና ጣቢያው እንዲያሠለጥን ታስቦ ነበር፤ የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ ቲቲፒ እየተባለ ይጠራል። ጅማም በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጀምሮ፣ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ለሳምንታት ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ይልካል፤ ሲቢቲፒ ይሉታል። ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ መጠይቅ ይሞላሉ፣ ችግር ይለያሉ፣ ከነዋሪው ጋር ሆነው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። በእንዲህ ያለው ዘመቻ የተሳተፉ ተማሪዎች ሲጫወቱ ከሚያወሩት አንዱ እንዲህ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ተማሪ አንዲት እናት ቤት ገብቶ መጠይቁን ያነባል፦

‹‹እማማ፣ ይህ ቤት ንጹሕ ሽንት ቤት አለው?››

‹‹አለው፣ ልጄ። የእናንተስ ዶርም?››

መጠይቁ ለዚህ የሚሆን ሣጥን አላዘጋጀም።

ወደ ካፌው ስንመለስ የ2016 ዓ.ም. ኮሚቴ ትልቁ ፈተና የመጣው በመጋቢት ነው። ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይቀምስ አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ አለ፤ ሁሉንም በሰዓቱ የሚበላ አለ፤ ለሱሁር ሌሊት የሚነሳ አለ፤ ድስቶቹ ግን ያው ናቸው። የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ሁሉም ስለ መከባበር እየተናገረ ተበተነ። ሁለተኛው ስብሰባ ስለ ሰዓት ነበር፤ እርሱ ሠራ። የግቢ ጉባኤ ልጆችና የጀመዓ ልጆች እትዬ ፊት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ማን በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ የትኛው ድስት መቼ እንደሚታጠብ፣ ቴምሩ የት እንደሚቀመጥ ተነጋገሩ። ልጁ ሰብሳቢ ነበር፤ በዚያ ስብሰባ የተናገረው ግን ‹‹ድስቱ ስንት ሰዓት ይለቃል?›› የሚለውን ብቻ ነው። ከምረጡኝ ንግግሩ ጋር ሲተያይ ይህ የሌላ ሰው ንግግር ይመስላል።

ቢሮው ደግሞ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከምስር ወጥ የተገኘች ጠጠር በሶፍት ተጠቅልላ ኤግዚቢት ሆና ትቀርባለች። አንዱ በርበሬው ጨጓራውን እንደጨረሰው ይናገራል፤ ተከትሎት የገባው ደግሞ በርበሬ የሚባል ነገር ጠፋ ይላል። ልጁ በመጀመሪያው ሰሞን ለሁሉም መልስ ነበረው፤ ስለ በጀት ያስረዳ ነበር፣ ስለ ግዥ መመሪያ ያብራራ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ኋላ ላይ ደብተር ገዛና ቀኑን፣ የምግቡን ዓይነትና የተባለውን መጻፍ ጀመረ። ተናጋሪው እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ‹‹እሱን እንኳ ተወው፣ አትጻፈው›› ብሎ ይወጣል። የጠጠሯ ነገር ግን ከደብተሩ ላይ ተደጋግሞ ሲታይ ሁልጊዜ ማክሰኞ ሆኖ ተገኘ፤ ማክሰኞ ምስሩን የሚለቅሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ተጨማሪ ሰው ተጠየቀ፤ ሰው እስኪቀጠር ኮሚቴው ራሱ ሰፌድ ይዞ ለቀመ።

ልጁ በ2017 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናውን አልፎ ተመረቀ። ሥራ ፍለጋ ሲቪው ላይ ‹‹የአመራር ልምድ፦ የምግብ ኮሚቴ ሰብሳቢ›› ብሎ ጻፈ። ጓደኞቹ አጥፋው ብለውት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ አምስት ሰዎች ተደርድረው ጠበቁት። አንደኛው ጠያቂ ሲቪውን አየና ፈገግ አለ።

‹‹የምግብ ኮሚቴ ነበርክ? እኛ ጋ ዳቦው ድንጋይ ነበር።››

‹‹ዳቦስ ይሁን›› አለች አጠገቡ ያለችው፣ ‹‹ጎመኑ አሸዋ ነበረው።››

ሦስተኛው የሩዙን ነገር አነሳ። አራተኛው ከዓመታት በፊት በፋሲካ ማግሥት ሳይደርሰው ስለቀረ አንድ ጭልፋ ቀይ ወጥ መናገር ጀመረና ድምፁ ተለወጠ። አመልካቹ ሳያስበው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እየጻፈ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ የምግቡን ዓይነት፣ የተባለውን። ጠያቂዎቹም እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሲያዩ እየተረጋጉ መጡ። ከተያዘው ሰዓት አብዛኛው በዚህ አለቀ።

እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩት የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁ።

‹‹ለመሆኑ›› አሉ፣ ‹‹ወር ሲጋመስ ሽሮው እንዲያ የሚቀጥነው ለምን ነበር? ያን ጊዜም ጠይቀን መልስ አላገኘንም።››

‹‹ይቅርታ ያድርጉልኝና›› አለ አመልካቹ፣ ‹‹እርስዎ ካፌ ነበሩ ወይስ ነን ካፌ?››

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።