ሰነድን በትእዛዝ ስለ መክፈት፦ ከአልኮባር የተገኘ ጥናት

ጥናቱ የሚመረምረው፣ ማውስ ሁለቴ ተጭኖ የሚከፈትን ሰነድ አንዳንድ ሰው ለምን ጥቁር መስኮት ዘርግቶ በጽሑፍ ትእዛዝ እንደሚከፍተው ነው። የተካሄደው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ አልኮባር ውስጥ አምስት ሰው በሚጋራት ክፍል ነው። ናሙናው አንድ ሲሆን እሱም የአክስቴ ልጅ ነው። ታዛቢዎቹ ከደማም ሻይ ፍለጋ የመጣን ሁለት ሰዎች ነን።

ተጠኚው «ኢቃማ የመጨረሻ» የተባለውን የመኖሪያ ፈቃዱን ፋይል ሊያሳየን «ስታርት» ብሎ ስሙን አስከተለ። ኮምፒውተሩም «ኢቃማ» የሚባል አላገኘሁም አለ፤ ክፍተት ያለበት ስም በትእምርተ ጥቅስ መታጠር አለበትና። «ቆይ አንዴ» ብሎ አጠረው። አሁን ሁለተኛ ጥቁር መስኮት ብቅ አለ፦ አናቱ ላይ የፋይሉ ስም፣ ውስጡ ባዶ። ለካ ዊንዶውስ ከ«ስታርት» ቀጥሎ በጥቅስ የታጠረ ነገር ሲያገኝ የመስኮት ርዕስ አድርጎ ይሾመዋል። ስም እንጂ ሥራ የሌለው ሹመት ለእኛ ብርቅ ባይሆንም፣ በማሽን ሲሆን ያስደነግጣል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ባዶ ጥቅስ መስጠት ነው፤ ሹመት ፈላጊውን በባዶው ሸኝቶ ፋይሉን መጥራት።

የቋንቋ ጉዳይም ታይቷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ በዚያች መስኮት «ኢቃማ» ሦስት ሳጥን ሆና ተደርድራለች። የአሠሪው የዐረብኛ ፋይል ስምም ፊደሎቹ ተኳርፈው፣ ሳይያያዙ ቆመዋል። በዚህ ረገድ አሠሪውና ሠራተኛው እኩል ናቸው።

ማክ ላይ ትእዛዙ «ኦፐን»፣ ሊኑክስ ላይ «ኤክስዲጂ-ኦፐን» ይባላል። ሦስቱም ግን ሰነዱን ራሳቸው አይከፍቱትም፤ እዚህ አገር ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ እንደሚሯሯጠው ሙዓቂብ፣ ጉዳዩን ለፋይሉ ዓይነት ወደተመደበው ፕሮግራም ያደርሳሉ። ሁለቴ መጫንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አርባ ፋይል ባንዴ ለሚከፍት ሰው ትእዛዝ ይጠቅማል፤ አንድ ፋይል ለሚከፍት ግን የሚጠቅመው ተመልካች ካለ ብቻ ነው። ለዚህም ማስረጃ አለን፦ እኛ ሻይ ልናፈላ ስንወጣ፣ ተጠኚው ማውሱን አነሣ።

ማጠቃለያ፦ ኢቃማው በየትኛውም መንገድ ቢከፈት፣ የሚያበቃበት ቀን ያው ነው።